የተስፋ በር ለማን ይከፈታል?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም፤ ስለ ጥናትና ምርምር ነው። «አንተ ከሠራዊት ወጥተህ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የተማርክ ሰው፣ ከምርምር ጋር ምን አገናኘህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን ነገሩ ቤታችን ድረስ መጣ።

ታናሽ እህቴ የምታጠናው የቄሶቻችንን ጸሎት ነው። ማስተርሷን ጨርሳ ለዶክትሬት ቦታ ስትጠባበቅ፣ ተማሪነቷ ስላበቃ የቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት መግቢያ ተዘጋባት። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ኮምፒውተሯ ላይ ተክዛ አየናት። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ጸሎቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ አምቦበር ነው የተማሩት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«አባዬ፣ ስለ እናንተ ጸሎት የተጻፈ ጽሑፍ አገኘሁ። ለማንበብ ግን አርባ ዶላር ይጠይቃል።»

አባቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ስጸልየው ማን ከፈለኝ?»

ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። በኋላ ስታስረዳኝ ገባኝ። ትልቁ ፕሮፌሰር ዩኒቨርሲቲው ይከፍልለታል፤ በሩ እንደተዘጋም አያውቅም። ጀማሪው ግን የትኛው ጽሑፍ እንደሚጠቅመው ገና አያውቅም፤ አንዱን ለማግኘት አሥሩን መክፈት አለበት። አሥር ጊዜ አርባ ዶላር ስንት ነው? እኔ የስንት ቀን ሽቦ ስጎትት ነው የማገኘው? ስለዚህ ጀማሪ ሰው ወይ ይለምናል፣ ወይ ሳያነብ ይጽፋል፣ ወይ ይተወዋል።

እስኪ ከሙያዬ ልናገር። አንድ ቤት ስገባ የኤሌክትሪክ ቦርዱ ላይ የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ካልተጻፈ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የሠራውን ሁሉ እንደገና መፈለግ አለብኝ። ግማሽ ቀን ይባክናል፤ አደጋም አለው። የጻፈበት ሰው ግን ሳያውቀኝ ረድቶኛል። ክፍት ጽሑፍና ክፍት መረጃ የሚባለውም ይኸው ነው። የቀደመው ሰው የደረሰበትን፣ እንዴት እንደደረሰም ጭምር፣ ለማያውቀው ሰው ጽፎ መተው።

እህቴ ተስፋ አልቆረጠችም፤ በነጻ የተከፈተውን መፈለግ ጀመረች። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለው አይሁዳዊ ምሁር በ1867 ወደ አባቶቻችን ሀገር ተልኮ ነበር። ከጸሎታችን ሰብስቦ በ1877 አሳተመ፤ ትእዛዘ ሰንበትን ደግሞ በ1902 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ፓሪስ ላይ አወጣው። መጽሐፉ ዘመኑ ስላለፈ ዛሬ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። አባቴ ግእዙን በስክሪኑ ላይ ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ገጹ ሳይገለጥ የሚቀጥለውን በቃላቸው ወረዱት! ከመቶ ዓመት በላይ ፈረንጅ ሀገር የኖረ መጽሐፍ ፔታ ቲክቫ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቱ ጋር ተገናኘ።

ሌላም አለ። በ1973 አዲስ አበባ ላይ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ቅጂዎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛሉ። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት እነዚህን መጻሕፍት መርምረው በመመዝገብ ነው። ዛሬ ብዙዎቹን ማንም ተመዝግቦ በነጻ ያያል። ድሮ አንድ ወጣት ይህን ለማየት ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገው ነበር።

ኢትዮጵያም አልተኛችም። በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉ ክፍት ወደሆነ ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ፣ ተመራማሪውም መረጃውን እንዴት እንደሚይዝ ዕቅድ እንዲያቀርብ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እህቴ የአባቴን ጸሎት ለወራት ቀድታ፣ ግእዙን ጽፋ፣ ትርጉሙን አዘጋጅታ ጨረሰች። ከዚያ «አባዬ፣ ለሰው ሁሉ ክፍት ላድርገው?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ዝም አሉ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ሰዎች ቴፕ ይዘው መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ አስጸልየዋቸው ሄዱ። ቅጂው አልተመለሰም፤ ስማቸውም የት እንደተጻፈ አናውቅም።

በሳምንቱ መልስ ሰጡ። «የሰንበቱና የሰግዱ ጸሎት ይከፈት። የሐዘኑ ይቆይ፤ እርሱ ለሁሉ ጆሮ አይደለም። ደግሞ ያስተማሩኝ የመምህሬ ስም ከፊት ይጻፍ።»

እህቴ ፈገግ አለች። ለካ ይህ ሁሉ ሥርዓት አለው። «ስሜን ጥቀስና ተጠቀም» የሚል ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለ ፈቃድ አለ። ዜኖዶ የሚባለው፣ ሰርን የተባለው የምርምር ማዕከል በ2013 የከፈተው ማከማቻም ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ከፊሉን ከፍቶ ከፊሉን መቆለፍ ይቻላል፤ ለሥራውም ቀን ያለበት ቋሚ ቁጥር ይሰጣል። ጀማሪ ሰው «ሥራዬን ሌላ ይቀድመኛል» ብሎ ይፈራል፤ ቀኑና ቁጥሩ ግን ማን እንደቀደመ ይመሰክራሉ። አንዳንድ መጽሔት ጽሑፉን ለሁሉ ክፍት ለማድረግ ከጸሐፊው በሺህ የሚቆጠር ዶላር እንደሚጠይቅም ልንገራችሁ። ያ ለጀማሪ ሌላ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ መጽሔቱ ከፈቀደ የራስን ቅጂ በነጻ ማከማቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሥራዋ በወጣ በሁለተኛው ወር ከጎንደር አንድ የግእዝ ተማሪ ጻፈላት። አንድ ቃል ተሳስታ ሰምታ ነበር፤ በትሕትና አረማት። አባቴን ብትጠይቃቸው «ልጁ ልክ ነው» አሉ። አሁን ሁለቱ አብረው እየጻፉ ነው። ኮምፒውተሯ ውስጥ ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ ስሕተቱም አብሮ ይቀር ነበር።

የከተማችን ስም ፔታ ቲክቫ «የተስፋ በር» ማለት ነው። በ1878 የመሠረቷት ሰዎች ከነቢዩ ሆሴዕ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 2 ነው የወሰዱት። በ2009 ግን እዚሁ ከተማ አንዳንድ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ብለው ሀገር ተነጋግሮበታል። የተዘጋ በር ደጃፍ ላይ መቆም ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረንም። ታዲያ እኛ ቁልፉን ስንይዝ ምን እናደርጋለን?

እናንተም በየቤታችሁ የአባቶች ድምፅ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ ያላችሁ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። የፈቀዱትን ስማቸውን ጽፋችሁ ለሚያጠኑ ልጆች ስጡ፤ ያልፈቀዱትን ጠብቁላቸው።

እግዚአብሔር አባቶቻችንን ያቆይልን። ቸር ሰንብቱ!