ቤቴ ጠባብ፣ እኔ ሰፊ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

የደሴ ብርድ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት በጉም ተሸፍኖ ያረፍዳል። እናትሽ ወፍራሙን ጋቢዬን ከሣጥን አውጥታልኛለች፤ እሱን ተከናንቤ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን የስልክ ምክር ካርዱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ይህን ደብዳቤ ደግሞ በደከመሽ ቀን አውጥተሽ እንድታነቢው ብዬ ነው።

በራስሽ ድምፅ አንብበሽ የላክሽልንን የሬዲዮ ማስታወቂያ ሰማነው። እናትሽ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ስልኩን ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ሦስት ጊዜ አሰማችን። ሚስቱ ዘመድ ልትጠይቅ የሄደችበት ሰውዬ ልብስ አጥባለሁ ብሎ ቤቱን በአረፋ ሲሞላው፣ አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ የግቢውን ዶሮዎች ሲያሳድድ፣ ጎረቤታችን በሳቅ ስኒዋን መሬት አስቀመጠች። ልጄ፣ ሰው ማሳቅ ስጦታ ነው፤ ለአንቺ ተሰጥቶሻል። ይህን ማንም አይወስድብሽም።

በማግሥቱ ጎረቤታችንን በር ላይ አገኘኋትና «የትናንቱ የልጄ ማስታወቂያ የምን ነበር?» አልኳት። ሰውዬውን አስታወሰች፤ ዶሮዎቹን አስታወሰች፤ እንደገና ሳቀች። «የሳሙና ነው መሰለኝ፤ የቱ ሳሙና እንደሆነ ግን እንጃ» አለችኝ። አለቃሽም «ያስቃል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም» ብሎ እንደመለሰብሽና ሌሊቱን እንዳልተኛሽ ለእናትሽ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። አለቃሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ጎረቤታችን በር ላይ የነገረችኝን ነው የነገረሽ።

እኔ በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ግን ከ30 ዓመት በላይ የዚህን ከተማ የሱቅና የምግብ ቤት ሰሌዳ በብሩሽ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንቺንም ያሳደግሁሽ ላሜራ ላይ ቃል እየጻፍሁ ነው። ከጻፍኋቸው ሰሌዳዎች ሁሉ የሁለቱን ታሪክ ልንገርሽ፤ አንዱ ዛሬም ደስ ያሰኘኛል፣ ሌላው ዛሬም ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው የአንድ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሣ ደንበኛ ሲለካ የስፌት መኪናውን ወደ ግድግዳው መግፋት ነበረበት። «ዘመናዊ ልብስ ስፌት ብለህ ጻፍልኝ» አለኝ። በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች በሙሉ «ዘመናዊ» ነበሩ። ዝም ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። ጨርቁን በሳበ ቁጥር ክርኑ ግድግዳውን ይነካል፤ ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ «ቤቴ ጠባብ፣ እኔ ሰፊ» ብዬ ጻፍኩለት።

እንደምታውቂው ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። አላፊ አግዳሚው «ሰፊ»ን አጥብቆ ሲያነበው ሰውየው ከቤቱ በልጦ ይታየዋል፤ አላልቶ ሲያነበው ደግሞ ልብስ ሰፊ ይሆናል። ቆም ይልና መልሶ ያነባል፤ ፈገግ ይላል። ፈገግ ባለበት ቅጽበት ሙያውንም፣ ቤቱንም አውቋቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ሰው «ልብስህን እዚያ ጠባቡ ሰፊ ጋ ውሰደው» ይባባል ጀመር። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ቀልዱን ብትፍቂው ሙያውም አብሮ ይፋቃል። የአንቺን ሰውዬና ዶሮዎቹን ግን ለየትኛውም ሳሙና ብንሰጣቸው ይሆናሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈልጊው።

ስለዚህ ልጄ፣ ቀልድ ከመፈለግሽ በፊት ሳሙናውን ይዘሽ ልብስ እጠቢበት። አረፋው ቶሎ ይለቃል ወይስ ውኃ ያስጨርሳል? እጅ ያቃጥላል? የነጠላ ጥበብ አያደበዝዝም? በየቤቱ እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ስለ ሳሙና የሚያስቀውንም የሚያስለቅሰውንም ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ ጆሮና ዓይን አንድ እንዳልሆኑ አትርሺ። «ቤቴ ጠባብ፣ እኔ ሰፊ» በሬዲዮ ቢነበብ ይሞታል፤ አንባቢው ወይ ያጠብቀዋል ወይ ያላላዋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሊል አይችልም። «ገና» እና «ይበላል»ም እንዲሁ ናቸው፤ በወረቀት ላይ ሁለት ትርጉም ይዘው ይኖራሉ፣ በድምፅ ግን አንዱ ይጠፋል። ሰሌዳ ያነበበ ሰው ተመልሶ ሊያየው ይችላል፤ ሬዲዮ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ የጻፍሽውን ሁሉ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ሰዓት ይዘሽ አንብቢው። የዕቃውንም ስም ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ አታምጪው፤ ሳቁ ከሚፈነዳበት ቃል አታርቂው።

ትምህርት ላይ ሳለሽ የነገርሽኝን የቮልስ ታሪክ አልረሳሁትም። ይቺ በአዲስ አበባ ዛሬም የምትዞረው ትንሿ ቮልስ አሜሪካ ስትገባ አገሩ የትልልቅ መኪና አገር ነበር። በዚያ ላይ ከጀርመን ጋር የተደረገው ጦርነት ገና አልተረሳም። በ1960፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጁሊያን ኬኒግ የሚባለው ጸሐፊና ሄልሙት ክሮን የሚባለው የሥዕል ሰው የመኪናዋን ፎቶ አደረጉና ከሥሩ «ሎሚ» የሚል አንድ ቃል ጻፉ። በእነሱ አነጋገር ሎሚ ማለት ከፋብሪካው ብልሽት ይዞ የወጣ መኪና ነው። ሻጭ የራሱን ዕቃ እንዲህ ብሎ ሲሰድብ ማን ሳያነብ ያልፋል? ዝቅ ብሎ ሲነበብ ግን ይቺ መኪና ከመሪው ጎን ባለው ትንሽ የዕቃ ሣጥን ላይ ያለው ብልጭልጭ ጌጥ ጥቂት ስለተበላሸ ፈታሹ እንዳላሳለፋት ይናገራል። በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ሥራቸው መፈተሽ ብቻ የሆነ 3,389 ሰዎች እንዳሉም ይገልጻል። አየሽ፣ ያሳቀው ያው እውነቱ ነው። የራሱን ጉድለት የሚናገር ሻጭም ይታመናል። እናትሽ ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትገዛት ሴትዮ «ይሄኛው ረጥቦብኛል፣ ከዚያኛው ውሰጂ» ስለምትላት ነው ስንት ዓመት ሌላ ጋ ሄዳ የማታውቀው።

የሙያሽ ትልልቆችም በዚህ ነገር ተከራክረዋል። ክላውድ ሆፕኪንስ ሰው ከቀልደኛ ዕቃ አይገዛም ይል ነበር። ዴቪድ ኦግልቪም የሚያስቅ ስክሪፕት ሲመጣለት ሲመልስ ኖሮ፣ በፈረንጆቹ 1983 ባወጣው መጽሐፍ ቀልድም እንደሚሸጥ መሰከረ፤ በመመለሱም ራሱን ይጠላ እንደነበር ጻፈ። ከአንቺ በፊት ስንቱ ስክሪፕት እንደተመለሰ ተመልከቺ። ስለዚህ አንዱ ተመለሰ ብለሽ ሌሊትሽን አትስጪው።

አሁን ሁለተኛውን ሰሌዳ ልንገርሽ። ለአንድ ምግብ ቤት የጻፍኩት ነው። በአንድ በኩል የከሳ ሰው ሲገባ፣ በሌላ በኩል ወፍሮ ሲወጣ ሣልሁ፤ ከሥሩም «ከስቶ የገባ ወፍሮ ይወጣል» አልሁ። ለከሲታው መልክ ስፈልግ ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት ሸክም የሚጠብቀውን ተሸካሚ አየሁና ፊቱን እንዳለ ወሰድኩት። ሳላስፈቅደው ነው። ባለቤቱ ሳቀ፤ ከተማው ሳቀ። ልጆች ሰውየውን ባዩት ቁጥር «እስካሁን ወፍረህ አልወጣህም?» ይሉት ጀመር። አንድ ቀን ሙሉ ኩንታል ተሸክሞ በምግብ ቤቱ ፊት ያለውን ሜዳ ትቶ በኋላ በኩል ባለው አቀበት ሲሄድ አየሁት። ያን ሁሉ ሸክም ይዞ አቀበቱን የመረጠው የእኔን ቀልድ ሽሽት ነበር።

በነጋታው በራሴ ቀለም ሥዕሉን አጠፋሁት። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ኩንታል ጠቁሞ «እስቲ አሸክመኝ» አለኝ። አሸከምኩት። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። በሜዳው በኩል ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

ዛሬ ግን ሕግ አለ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች የሆነውንና የሰውን ክብር የሚነካውን ማስታወቂያ ይከለክላል። አንብቢው፤ የሙያሽ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የማይደርስባቸው ትንንሽ ቀልዶች አሉ፤ በእነሱ ላይ ዳኛዋ አንቺው ነሽ። ልብስ ሰፊው በራሱ ሱቅ ሳቀ፤ የቮልስ ሰዎች በራሳቸው መኪና ሳቁ። እኔ ግን ቀልዴን ምንም በሌለው ሰው ጀርባ ላይ ጫንኩት። ልጄ፣ ቀልድ ሸክም አለው። ቀልድሽ ዕቃውን ይሸከም፤ ቀልድሽን ግን ድሃ አይሸከምልሽ። ሰውዬሽ ልብስ ማጠብ ባለመቻሉ ይሳቅበት፤ የቤት ሠራተኛዋ አነጋገርና የገጠሬው አለባበስ ግን መሣቂያ አይሁኑ። እነሱም ሬዲዮ ይሰማሉ፤ ሳሙናም ይገዛሉ።

አዲሱን ስክሪፕት ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእኛ ላኪልን። እናትሽ ቡናውን ታፈላለች፣ ጎረቤታችንንም እንጠራታለን። ስትስቅ እኔ ዝም እላለሁ፤ በማግሥቱ በር ላይ ጠብቄ «የምን ነበር?» እላታለሁ። የነገረችኝንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

አንደበትሽን ያቅናልሽ። ሰው የሚስቅልሽ እንጂ የሚያለቅስብሽ አያድርግሽ። የጻፍሽው ይደመጥ፣ የያዝሽው ይባረክ። በእንጀራሽ ሰላም ይስጥሽ።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ከደሴ