ሐይቁ መጣ፣ ዋናተኛው ቀረ
ነቀምት ላደገች ልጅ ውኃ ማለት ቧንቧ ነው፤ ዋና አልችልም። ፊንጫ ሐይቅ ላይ ግን ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ የእንጨት ጀልባ ተሳፈርኩ። መሃል ስንደርስ ቀዛፊውን አባት «ብንገለበጥ ማን ይደርስልናል?» አልኳቸው። «ያየ ሰው ነዋ፣ ልጄ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊንጫ እንደ ጣና የጥንት ሐይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ግድቡ ሲያልቅ የጮመን ረግረግና የገበሬው ማሳ በውኃ ተዋጠ። አራሹ ሳያስበው የሐይቅ ዳር ሰው ሆነ፤ ዋና ግን ማን ያስተምረው?

ብሪታንያ ውስጥ በ1824 የተመሠረተ፣ ዛሬም ባብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ የነፍስ አድን ጀልባ ማኅበር አለ። እኛስ? ዕድር አለን፤ የሚደርሰው ግን ለቀብር ነው። አንድ ጀልባ፣ ጥቂት የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ዋና የሚችሉ አሥር ወጣቶች… ከመሞታችን በፊት የሚደርስ ዕድር ማቋቋም ይሄን ያህል ያቅተናል?