ባትሪው ሲሞት

የሞተር ሳይክል ባትሪ ሲሞት ብቻውን አይሞትም። ክላክሱ ይታፈናል፣ ፍሬቻው አንዴ በርቶ ይቀራል፣ ዳሽቦርዱም የሌለ ጥፋት ያወራል። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ነው፦ «ፊውዙ ነው!» «ኧረ ገመዱ ተበልቷል!»

የእኔ ሲሞት ዋናው መካኒክ ግን ምንም ሳይል ቴስተሩን ባትሪው ላይ አሳረፈ፦ 10.8 ቮልት። ጤነኛው ቻርጅ ሞልቶ ሲያድር 12.6 ግድም ያሳያል። ጫፉ ላይ የጋገረውን አረንጓዴ ዝገት በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገና «አዲስ ግዛ» አለኝ። ገዛሁ፤ ዋጋውን አትጠይቁኝ።

አዲሱን አስሮ ሞተሩን አስነሳ፤ ነዳጅ ሰጥቶ እንደገና ለካ። 15.8!

«አየህ ልጄ፣ ከ15 ካለፈ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል ማለት ነው። የድሮውን ቀቅሎ የገደለው እሱ ነው፤ ይሄንንም አይምረውም።»

«ሬጉሌተሩስ ስንት ነው?»

«እሱማ ከባትሪው ይረክሳል» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ባትሪውን ሳልገዛ ሬጉሌተሩን ቢለካው ምን ነበረበት?