ዎርዲካመን፦ ከሞቃት ባሕር የመጣ ገደል

ጀልባችን የሎንግየርቢየንን ከተማ ለቃ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትታጠፍ ኢስፊዮርድ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ጸጥ ብሎ ነበር። ጊዜው በጋ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስት ወር ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ስቫልባርድ በተባሉት በእነዚህ የኖርዌይ ዋልታ ደሴቶች ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ድንጋይ ለማየት ለመጣ ሰው ደግሞ ይህ ጸጋ ነው፤ ተራራው ሳይሸፋፈን ከእግር እስከ ራሱ ይታያል።

መጀመሪያ ያለፍነው ስካንስቡክታ የተባለውን ቦታ ነው። ገደሉ ሥር ነጭ የጀሶ ንብርብር፣ ዳርቻው ላይ የዛገ ሐዲድ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1918 ጀሶ ሊያወጡ ቆፍረው ነበር፤ አላዋጣም፤ ትተውት ሄዱ። ጀሶ እንዲህ ተከማችቶ የሚገኘው ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ በጠራራ ፀሐይ ሲተን ነው። እኔ ግን ይህን ከአስጎብኚያችን የምሰማው ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጓንቴን አጥልቄ ነው።

ቢለፊዮርድን ይዘን ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ኖርደንሾልድ የተባለው የበረዶ ግግር ፊት ለፊት ብቅ አለ። ከጎኑ ዎርዲካመን ቆሟል፤ ግራጫ የኖራ ድንጋይ፣ ደረጃ በደረጃ የተነባበረ። ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ከጄምስ ዎርዲ ነው። ሰውየው በአሳሹ በሻክልተን «ኢንዱራንስ» መርከብ ወደ አንታርክቲካ ተጉዞ፣ መርከቧ በበረዶ ተደቁሳ ከሰጠመች በኋላ በኤሌፋንት ደሴት ከርሞ የተረፈ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ወደ በረዶ መምጣቱ ይገርመኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 እዚህ የመጣው ከስኮትላንድ የማዕድን ፈላጊዎች ጋር ነበር። የእነሱ የእንጨት ጎጆዎች ብሩስቢየን በተባለው ቦታ እስከ ዛሬ አሉ።

አስጎብኚያችን ለዋልታ ድብ የሚሆን ጠመንጃዋን እንዳነገተች ከገደሉ ወደ ተናደው ድንጋይ ወሰደችን። አንዱን ድንጋይ በውኃ ስታረጥበው ግራጫው ውስጥ የስንዴ ፍሬ የመሳሰሉ ነገሮች ብቅ አሉ። ፊዩሱሊኒድ ይባላሉ። እያንዳንዱ አንድ ሕዋስ ብቻ የነበረው ፍጡር ነው፤ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት ዘራቸው ጠፍቷል። ዓይነታቸው በየዘመኑ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ስለነበር የድንጋዩን ዕድሜ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ።

ይህ ገደል ድሮ ሪፍ ነበር፤ የባሕር ፍጡራን የሠሩት የኖራ ጉብታ ማለት ነው። ሪፉን የገነባው ግን ሌላ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ስስ፣ ወጣ ገባ የሚሉ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉ። ፓሌዮአፕሊሲና የተባለው ፍጡር ጠፍጣፋ አካል ከጎን ሲታይ እንዲህ ነው። አንዳንዶች ስፖንጅ አሉት፤ ሌሎች የሃይድራ ዘመድ አደረጉት፤ ዛሬ ብዙዎች ወደ አልጌ ወገን ይመድቡታል። ወገኑ ምንም ይሁን ምን፣ የኖራ ጭቃ እያጠመደ ጉብታ ሠርቷል፤ በጉብታው ዙሪያ ኮራልና ብራክዮፖድ የተባሉ ባለ ዛጎል እንስሳት ኖረዋል።

«ለካ ዋልታው ያኔ ሞቃት ነበር!» አለ አንዱ ተጓዥ። አስጎብኚዋ ይህን ሳትሰማ የዋለችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። «የሄደው መሬቱ ነው» አለችው። ሪፉ ሲያድግ ይህ መሬት ዛሬ ካይሮ ባለችበት ኬክሮስ ግድም ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ነበር። ከምድር ቅርፊት ጋር ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ከሪፉ በላይ የስካንስቡክታው ጀሶ አለ፤ ከጀሶው በላይ ደግሞ ውኃው ሲቀዘቅዝ የመጡ ስፖንጆች ያስቀሩት ጠንካራ ባልጩት።

የገደሉ ደረጃዎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በዚያ ዘመን በደቡቡ አህጉር በጎንድዋና ላይ ግዙፍ በረዶ ነበር። በረዶው ሲያድግ የባሕሩ ውኃ ይቀንሳል፤ ሪፉ ከውኃ ወጥቶ ዝናብ ይቦረቡረዋል። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ይመለሳል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ሪፍ ይጀመራል። የነዳጅ ኩባንያዎችም በባረንትስ ባሕር ሥር እንዲህ የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ይፈልጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጎታ የተባለውን የነዳጅ ክምችት፣ በ2014 ደግሞ አልታ የተባለውን ያገኙት በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው።

ጎንድዋና ሲባል እኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኢትዮጵያ የዚያ አህጉር ክፍል ነበረች። ትግራይ ውስጥ በዕዳጋ ዓርቢ አካባቢ በጭቃ ድንጋይ መሀል በረዶ እየገፋ ያመጣቸው፣ ጎናቸው የተፋቀ ጠጠሮች አሉ፤ ዘመናቸውም ከዚህ ሪፍ ዘመን ጋር የተቀራረበ ነው። ስቫልባርድ በሞቃት ባሕር ስትታጠብ ትግራይ በበረዶ ግግር ሥር ነበረች። ከጉዞው ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላገኘሁም፤ ለዚህ ደግሞ ግማሹ ማስረጃ አገር ቤት ነው ያለው።

ልትሄዱ ለምታስቡ፦ ስቫልባርድ ራሷ ቪዛ አትጠይቅም፤ መንገዱ ግን በኖርዌይ በኩል ነው፤ ደሴቶቹም ከሸንገን ክልል ውጭ ናቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያዙ፤ አለበለዚያ በመመለሻችሁ ኖርዌይ መግባት አትችሉም።