ዘቢብና የቤት ዳቦ

በዘንዘልማ በምንኖርበት ቤት የዳቦ አጋገር ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ሊጡ በዋዜማው በእርሾ ይቦካል፤ ጥቁር አዝሙድም ይነሰነስበታል። በማግሥቱ በምጣድ ላይ በተነጠፈ የኮባ ቅጠል ተጋድሞ፣ ከሥሩ እሳት ይነድለታል፤ ከላይም ተከድኖ ፍም ይጫንበታል። ድፎ ዳቦ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት በበዓለ ኀምሳ ግን ይህን ልማዳችንን የሚነካ ነገር ከሩቅ አገር መጣብን። የባለቤታችን ታናሽ እኅት በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን አረጋውያንን በመርዳት ሥራ ትተዳደራለች። እርሷም ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው አንድ ከረጢት ዘቢብ ከደብዳቤ ጋራ አስይዛ ላከችልን። በደብዳቤዋም የአየርላንድ ሰዎች በቤታቸው የሚጋግሩትን ባለ ዘቢብ ዳቦ አሠራሩን ከዘረዘረች በኋላ፣ «ለእማሆይ ጋግራችሁ አቅምሱልኝ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዕለት በላዩ መስቀል ተሠርቶበት ስለ ነበረ፣ አገሬ ያለሁ መስሎኝ አልቅሻለሁ» የሚል ቃል ጨምራበታለች።

ስለ ዳቦው የተጻፈው ነገር ለመምህር ሰው የሚያስደስት ነበር። የአየርላንድ ስንዴ ለስላሳ በመሆኑ በእርሾ ለሚነሣ ዳቦ እምብዛም አይመችም። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጋገሪያ ሶዳ በየገበያው መገኘት በጀመረ ጊዜ የገጠሩ ሕዝብ ወደ ሶዳው አዘነበለ። ቅቤ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አሬራ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ከሶዳው ጋራ ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ሊጡን የሚያነሣውም ይኸው ጋዝ ነው። እኛም በክፍል ውስጥ ሆምጣጤና ሶዳ እየቀላቀልን ለተማሪዎች ስናሳይ ኖረናል፤ ዳቦ ሊሆን እንደሚችል ግን አስበነው አናውቅም። የዳቦ ምድጃ ያልነበራቸው ቤተ ሰቦች ሊጡን በብረት ድስት ውስጥ አድርገው፣ በክዳኑ ላይ ፍም እየጫኑ ይጋግሩት ነበር። ይህን ስናነብላት ባለቤታችን፣ «ታዲያ ድፎ ነዋ!» አለች። መስቀሉም ከመጋገሩ በፊት በሊጡ ላይ በቢላዋ የሚሠራ ነው፤ እሳቱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ይረዳል፤ ዳቦውን ለመባረክ ነው የሚሉም አሉ።

ነገሩ የከበደው ከረጢቱ በተፈታ ጊዜ ነው። እናታችን እማሆይ ዘቢቡን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዘቢብና ዳቦ ሲባል ግን አልሰማሁም። ይህ የቤተ ልሔም ነው» አሉ። እዚሁ ዘንዘልማ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ የምትማረው ልጃችን፣ «አያቴ፣ ስንዴውስ የመሥዋዕት አይደለምን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ስንዴው ኅብስት ሆኖ፣ ዘቢቡም በውኃ ርሶና ተጨምቆ ወይን ሆኖ የሚቀርበው በቤተ ልሔም ተዘጋጅቶ ነው፤ የሚቀደሰውም በጸሎተ ቅዳሴ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱም የምድር ፍሬዎች ናቸው። ይህን መመለስ ለእኛ ቀላል ነበር። በድቁና ያደግን ስለ ሆንንም ፍርዱን ከእኛ ሲጠብቁ ሁሉም ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛ ግን አፋችን ተያዘ።

ምክንያቱን ከአንባብያን አንሰውርም። በዐሥራ አንድ ዓመታችን፣ በጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር በድቁና ስናገለግል፣ በጽኑ ታመን ነበር። በዳንን ጊዜ እናታችን የተሳሉትን ለማድረስ ሁለት ዶሮ ሸጠው ዘቢብ ገዙ። በዚያን ጊዜ በእኛ ገጠር ዘቢብ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይታይም ነበር። ቋጠሮውን ወደ ቤተ ልሔም እንድናደርስ ለእኛው ሰጡን። በመንገድ ላይ አንዲት ፍሬ ቀመስን፤ ከዚያም አንዲት፤ በመጨረሻ አንድ እፍኝ ያህል ጐደለ። የገዛ ነፍሳችን ስለት ነበረ። ውሎ አድሮ ለንስሐ አባታችን ተናዝዘን ቀኖናችንን ፈጽመናል፤ ለእናታችን ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሳንነግራቸው ቆየን። እንግዲህ ያን እፍኝ የደበቀ ሰው በዘቢብ ላይ ለመፍረድ ምን አፍ አለው?

በዚያ ምሽት ሁሉንም ነገርናቸው። እማሆይ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ለንስሐ አባትህ ተናግረሃል?» ብለው ጠየቁን። መናገራችንን ገለጽንላቸው። «እንግዲያስ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አሉ። ከዚያም ከረጢቱን ወደ ራሳቸው ስበው በእፍኛቸው እየሰፈሩ ግማሹን በንጹሕ ጨርቅ ቋጠሩና፣ «ይህን ነገ አንተው ታደርሳለህ፤ በመንገድም አትቅመስ» አሉን። የቀረውን ለልጃችን ሰጧት።

በማግሥቱ ቋጠሮውን አድርሰን ስንመለስ የመጀመሪያው ዳቦ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ደርቆ አገኘነው። ባለቤታችን እንደ ድፎ ሊጥ አጥብቃ አሽታው ኖሯል። ይህ ሊጥ ግን መታሸት አይወድም፤ ዱቄቱና አሬራው ከተያያዙ በኋላ ሳይቆይ ወደ እሳት መግባት አለበት። በሁለተኛው ጊዜ ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 100 ግራም ዘቢብና 400 ሚሊ ሊትር ያህል አሬራ በእጅ ብቻ ተቀላቅሎ፣ በላዩ መስቀል ተሠርቶበት፣ ከላይና ከታች በፍም 45 ደቂቃ ያህል ተጋገረ። ይህኛው ሠመረ። (አሬራ የፍስክ ስለ ሆነ በጾም ወራት በውኃ ላይ ሎሚ መጭመቅ ይበቃል፤ በጾመ ሐዋርያት ሞክረነዋል።)

እማሆይ ዳቦውን ባርከው ቈረሱ። የራሳቸውን ቍራሽ በያዙ ጊዜ ዘቢቡን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ አጠገባቸው በተቀመጠው በትንሹ ልጃችን መዳፍ ላይ አኖሩለት፤ ዳቦውን ግን እስከ ፍርፋሪው በሉት።