የቀዘቀዘው ሳህን

ሰሞኑን ድምፄ የጠፋው ለቅሶ ላይ ስለነበርኩ ነው። ከሃይፋ በስተደቡብ፣ ከቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ባለችው ቲራት ካርሜል፣ በተማሪነቴ እንደ ልጃቸው ያኖሩኝ ሴት አረፉ። ነፍሳቸውን ይማርልን።

አንዳንዶቻችሁ «አንተ ደግሞ ፈረንሳይኛ ከየት ተማርክ?» ትሉኛላችሁ። ፓሪስን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የኔ ፈረንሳይ ቲራት ካርሜል ውስጥ፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነበረች።

እንዲህ ነው ነገሩ። ግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በሰለሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሆነን ስንመጣ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወላጆቼ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ አኮ አጠገብ ካራቫን ሰፈር ገቡ። እኔን እንደ ብዙ እኩዮቼ ፕኒሚያ፣ ማለትም አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። አርብ አርብ አውቶቡስ በጊዜ ስለሚቆም ወደ ቤት መድረስ አንዳንዴ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ለሻባት የሚያሳድር ቤተሰብ ተፈለገልኝ።

ቤተሰቡ ከካዛብላንካ፣ ሞሮኮ፣ በማርሴይ በኩል በመርከብ ሃይፋ ወደብ የገቡ ናቸው። ሲያወሩ በፈረንሳይኛ፣ ሲቆጡ በሞሮኮ አረብኛ፣ ለኔ ሲሆን በዕብራይስጥ ነበር። እሳቸውን ሁሉም «ማዳም» ስለሚሏቸው እኔም ማዳም አልኳቸው። ባለቤታቸውን ደግሞ «ሙስዩ» ይሏቸዋል። አባቴ ይህን ሰምቶ ስማቸው ሙሴ መስሎት «ስማቸው የነቢዩ ከሆነ ቤቱ ደህና ቤት ነው» አለ። እኔም አላረምኩትም።

የመጀመሪያዋ አርብ ማታ ግን ጭንቅ ሆነብኝ። የሻባት ጸሎት አለቀ፣ ወይኑ ተባረከ፣ ከዚያ ማዳም ከምድጃው ላይ የሚጨስ ምግብ አነሱ። ማታውኑ ደግሞ ለነገ የሚሆን ዳፊና ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል፤ ሽምብራው፣ ድንቹ፣ ቡናማ የሆነ እንቁላሉ። ከሥሩ ፕላታ የሚሉት የኤሌክትሪክ ብረት ይግላል። በእኛ አገር እኮ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል! ምግቡ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ሻባት ቀዝቃዛውን እንበላለን፤ ቄሶቻችን ያስተማሩን፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 ያለው ትእዛዝ እንደዚያ ነው። እኔም ዳቦ ብቻ በልቼ ተነሳሁ።

ሁለተኛውም ሻባት እንደዚያው። ማዳም የሳቸው ምግብ የጠላሁ መስሏቸው አዘኑ። በሦስተኛው ጠየቁኝ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ ነገርኳቸው። ሙስዩ መጽሐፍ አውጥተው «እሳቱ ከሻባት በፊት ስለተለኮሰ ይፈቀዳል፣ ሊቃውንቶቻችን እንዲህ ፈርደዋል» ብለው ሊያስረዱኝ ጀመሩ። ማዳም በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አሉና ዝም አሰኟቸው። በሚቀጥለው አርብ ስመጣ ከፕላታው ርቆ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ሳህን ነበር። የኔ ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ሻባት አልተረሳም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ይሁዲነታችንን አረጋግጠው ከፈረዱ በኋላም እኮ «እውነት ይሁዲ ናችሁ?» የሚለን አልጠፋም። ማዳም አልጠየቁኝም፤ ሳህኑን ለይተው አስቀመጡ እንጂ።

አሁን ግን ጥፋቴን ልናገር። ማዳም «እናትህንና አባትህን ለሻባት አምጣቸው» ብለው ሲወተውቱኝ አንድ ዓመት ሙሉ «እናቴ ታማለች» እያልኩ ዋሸሁ። እናቴ ደህና ነበረች። ያፈርኩት በነጠላዋ ነበር፣ በእጇ መብላቷ ነበር፣ ዕብራይስጥ ባለማወቋ ነበር። እኔ ሹካ ለምጄ፣ «ሜርሲ» ማለት ጀምሬ ነበራ! እናቴ በበኩሏ ለጎረቤት «ልጄን ፈረንጆች ወሰዱብኝ» ትል እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

በሁለተኛው ዓመት ማዳም ሳይነግሩኝ በሰው በኩል አስጠርተዋቸው መጡ። እናቴ ዳቦ ጋግራ ይዛለች። አርብ ማታ ገበታው ላይ ሦስት የቀዘቀዙ ሳህኖች ተቀምጠው አየች። «ይሄ የማነው?» አለችኝ። «አንዱ የኔ ነው እምዬ፣ ሁልጊዜ ነው» አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ለማዳም «እመት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው» ብላ አስተረጎመችኝ። ማዳምም «እኔም ስመጣ እናቴን ያዋረዱብኝን አልረሳም በላት» አሉኝ። እነዚያ ሁለት ሴቶች በኔ ምላስ እስከ እኩለ ሌሊት አወሩ።

ስለ ታምራት አማኑኤል ያነበብኩት በኋላ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ዶክተር ፋይትሎቪች ይዟቸው ወደ አውሮፓ ወጡ፤ ፓሪስ በአሊያንስ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ቀጥሎ ፍሎረንስ። ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆችን ትምህርት ቤት መሩ፣ በ1963 ኢየሩሳሌም አረፉ። ማዳምም ፈረንሳይኛ የተማሩት ይኸው በ1860 ፓሪስ የተመሠረተው አሊያንስ ካዛብላንካ በከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ሳነበው እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ እኚያ ወጣት ፓሪስ ላይ ሻባት ሲመጣ ሳህን ለይቶ ያስቀመጠላቸው ሰው ነበር ይሆን?

ነገሩ በዚህ አላለቀም። በአራተኛው ዓመት ልቤ ተለወጠ። ጓደኞቼ ሁሉ ትኩሱን ይበላሉ፣ የዳፊናው ሽታ ደግሞ አይጣል ነው። አንድ አርብ «ማዳም፣ ዛሬ ለኔም ትኩሱን ይስጡኝ» አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጭልፋውን አስቀመጡና «እናትህ ታውቃለች? መጀመሪያ እሷን ጠይቅ። እኔ ሳህን አደራ ተቀብያለሁ» አሉኝ።

ሄጄ ጠየቅኋት። እናቴ ብዙ ዝም አለች። አባቴ ሊቆጣ ሲል በእጇ ከለከለችው። «ሻባትህን እንዳትተው እንጂ፣ ሙቀቱንና ቅዝቃዜውን አንተና ፈጣሪ ታውቃላችሁ። ለኔ ግን ቀዝቃዛውን አስቀምጥልኝ» አለች። የፈቀደችልኝ ይመስለኛል፤ ያዘነችብኝም ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅኩትም።

ለለቅሶው እናቴን ይዣት ሄድኩ። አርጅታለች፣ ደረጃውን እየደገፍኳት ወጣን። በአይሁድ ሥርዓት ለሐዘንተኛ ምስርና እንቁላል፣ ክብ ክብ ምግብ ይቀርባል። እናቴ ደግሞ በአገራችን ወግ ንፍሮ ቀቅላ አምጥታ ነበር። የማዳም ትልቋ ልጅ ሽምብራውንና ስንዴውን አይታ «ይሄ እኮ የኛው ነው» አለች፤ ከምስሩ አጠገብ አኖረችው። ሁላችንም ከሁለቱም በላን።

ዛሬ ቤቴ ፕላታ አለ፣ ልጆቼ ትኩሱን ይበላሉ። መስኮቱ አጠገብ ግን በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ሳህን አለ፤ የእናቴ ነው። ባለፈው አርብ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ የአያቴን ሳህን እኔ ልሸፍነው?» አለችኝ። ሸፈነችው።

እናንተም በሰው አገር ሳህን ለይቶ ያስቀመጠላችሁ ሰው ካለ፣ በሕይወት እያለ አመስግኑት። እኔ ዘግይቻለሁ።

ቸር ይግጠመን። ሻባት ሻሎም!