ማንጎ በሉጋንዳ ማን ይባላል?

የልጅ ልጄ የምትኖረው ካምፓላ ነው። ልጄ ለሥራ ወደ ኡጋንዳ ከሄደች ዐሥር ዓመት አልፏታል። የአገሩን ሰው አግብታ እዚያው ወለደች። ሕፃኗ ዘንድሮ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር ሉጋንዳ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ትናገራለች። አማርኛ ግን አልነበራትም።

እኔ ከጤና ጣቢያ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንኩሳ ቁጭ ብዬ ጓሮዬን እንከባከባለሁ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱንና ሎሚ አለኝ። በቪዲዮ ስንደዋወል ቃል አላስፈለገንም። አንድ ማንጎ ቆርጬ ወደ ስልኩ ሳስጠጋላት ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ምስሉ ቀረ። መስመር በተገኘ ቀን የምንሰማው ድምፅ ብቻ ሆነ። «ሄሎ ጃጃ» ትለኛለች። ጃጃ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም።

አንድ ቀን ዝምታው ከበደኝና ልጄን ተቆጣኋት። «ቋንቋዋን ነፍገሽ ልጅቷን አያት አሳጣሻት» አልኳት። እርሷም «እማዬ፣ አንቺስ ከእርሷ አንድ ቃል ተምረሻል?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሦስት ሳምንት አልደወለችም። እኔም ኩራት ይዞኝ አልደወልኩም።

በእነዚያ ሳምንታት የወጣትነት ሥራዬ ትዝ አለኝ። ከነርስነት ትምህርት እንደወጣሁ እናቶችን ሰብስቤ ስለ ቫይታሚን ኤ አስተምር ነበር። እነርሱም «እሺ» ብለው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ወር ልጆቹ እንደዚያው ናቸው። አንዲት አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ «የምታውቀውን ስም ጥሪላት እንጂ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዱባ፣ ጎመን፣ የበሰለ ማንጎና ፓፓያ እያልኩ ማስተማር ጀመርኩ። ያን ጊዜ እናቶቹ ይጠይቁኝ ጀመር፤ «ለስንት ወር ሕፃን?» «እንዴት ተፈጭቶ?»

ደወልኩ። ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁና ሕፃኗን እንድታቀርብልኝ ለመንኳት። «ማንጎ በእናንተ ማን ይባላል?» ብዬ በእናቷ አስተርጓሚነት ጠየቅኋት። «ኦሙዬምቤ!» አለች። ደብተር አውጥቼ ጻፍኩ።

በየእሑዱ ሁለት ሁለት ስም እማር ጀመር። አናናስ «ኤናናንሲ» ነው፤ ይኼኛው ዘመድ ሆኖ አገኘሁት። ፓፓያ «ኤፓፓሊ»፣ ሎሚ «ኤኒሙ»፣ ብርቱካን «ኦሙቹንግዋ»። ዘይቱን «ኤፔራ» ይባላል። ልጄ ቃሉ በስዋሂሊ በኩል ከፖርቱጋሎች የመጣ እንደሆነ ነገረችኝ። የኛው «ብርቱካን»ም በዐረብኛ በኩል የመጣ የፖርቱጋል ስም ነው። ፍሬና ስም አብረው ባሕር ሲሻገሩ የኖሩ መሆናቸውን በስልሳ ስንት ዓመቴ አወቅሁ።

ብዙ ቁጥሩ አስቸገረኝ። እኛ «ማንጎዎች» ብለን ከኋላ እንጨምራለን፤ በሉጋንዳ የሚለወጠው ከፊት ነው። አንዱ ኦሙዬምቤ፣ ብዙው ኤሚዬምቤ። «ዐሥር ኦሙዬምቤ አፈራ» ስላት በሳቅ ፈረሰች። አያት ስትሳሳት ማረም ለልጅ ትልቅ ሹመት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሷ ራሷ ስልኩን ከእናቷ እየነጠቀች ታወራኛለች።

ሙዝ ላይ ስንደርስ ብዙ እሑድ ፈጀብን። እኔ ሙዝ የማውቀው አንድ ነው። እዚያ ግን በጥሬው ተቀቅሎ እንደ ምግብ የሚበላው «ማቶኬ»፣ የሚጠበሰው «ጎንጃ»፣ ትንሹ ጣፋጭ «ንዲዚ»፣ ትልቁ ጣፋጭ «ቦጎያ» ነው። ገረመኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን እኛስ ጤፍን ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ እንል የለም? ሰው በሚኖርበት እህል ላይ ስሙ ይበዛል።

«ፌኔ» የሚሉት ደግሞ ከግንዱ ላይ የሚንጠለጠል፣ አንዱ ፍሬ ለሕፃን የማይነሣ ትልቅ ነው። በአማርኛ ምን እንደምለው አላገኘሁም፤ ፌኔ ብዬ ትቼዋለሁ።

ለእያንዳንዱ ስም እርሷም አንድ የኛን ትወስዳለች። ማንጎና ሎሚ ቀለሏት። አሁን አጋም፣ ዶቅማ፣ ሾላ ትላለች። «ቅ»ን ማለት አቅቷት «ዶክማ» ስትል እኔም በተራዬ አርማታለሁ።

ልጆቻቸው ሩቅ አገር ለሚኖሩ አያቶች አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። «አማርኛ አስተምሯት» ከማለታችሁ በፊት እናንተ ከልጁ አንድ ቃል ጠይቁ። በየሳምንቱ ሁለት ስም ይበቃል። ደብተር ያዙ፤ መሳሳትንም አትፍሩ።

ባለፈው እሑድ ስለ እንኮይ ነገርኳት። በሉጋንዳ ስሙን እናቷም አላወቀችም። ስለዚህ ሲበስል ቢጫ ነው፣ ይጎመዝዛል፣ በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ እበላው ነበር አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና በአማርኛ «ጃጃ፣ እኔ እንኮይ እበላለሁ» አለችኝ። ከሰው አፍ ሳትቀዳ የተናገረችው የመጀመሪያዋ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናት። ደብተሩ ላይ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ።